አስታዋሹ ዝም ሲል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። መርዶ አይደለም። እኔ ጤና ነኝ፣ ቤቱ እንደቆመ ነው፣ ቴአትር ቤቱንም ገና አላፈረሱትም። ግን መድረክ ላይ ወጣሁ። መጋረጃ ልጠግን አይደለም፤ ተዋናይ ሆኜ፣ ሰው ከፍሎ ገብቶ እያየኝ። ሳቅህን ጨርስና ወደሚቀጥለው አንቀጽ እለፍ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አልችልም ነበር። የሁለታችንን የስልክ ነገር ታውቀዋለህ። ልጅህ «አባዬ፣ አጎቴ ነው» ትልና ታቀብልሃለች። ትንፋሽህን እሰማለሁ። አንተ ቃል ፍለጋ ትሄዳለህ፤ እኔ ከመመለስህ በፊት ቃሉን ይዤ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ከሄድክ ወዲህ ያወራነው ሁሉ ቢጠራቀም አንድ ብርጭቆ ሻይ አያስጨርስም። ደብዳቤ ቢያንስ የሚያነበውን ሰው አፍ መንጠቅ አይችልም።

እንግዲህ ሲከነክነኝ የከረመውን ነገር ሳላድበሰብስ ልጻፈው። አንተ ባለህበት ቤት፣ አንተ በምትቀርብበት ማዕድ፣ ለእኔ ቦታ አለ ወይስ የለም? ሆድ የባሰው ሰው ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን የጠየቅኩት አድራሻ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። የት እንደምቀመጥ ማወቅ ሥራዬ ነበር።

ደብዳቤውን የምታነብልህ ልጅህ ከሆነች፣ አንተ የምታውቀውን ለእሷ ላስረዳ። አስታዋሽ ማለት በመድረኩ ጠርዝ፣ ተመልካች በማያየው ጉድጓድ ውስጥ፣ ድርሰቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ተዋናዩ ቃሉ ሲጠፋበት ከታች ሹክ ይለዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ስጥ፣ ቀሪውን እሱ ይወልደዋል። ሁለት ቃል የሚሰጥ አስታዋሽ «መድረክ አምሮታል» ተብሎ ይታማል። ከዚያ ጉድጓድ ሲታይ ዓለም ሁሉ ጫማ ነው። ነገሥታትን በሶላቸው ነው የማውቃቸው። ስንቱ አፍቃሪ ሲንበረከክ ከፍቅሩ ይልቅ የካልሲው ቀዳዳ ይቀርበኝ ነበር።

ያንተን ዝምታ ደግሞ የማውቀው በግራ ተረከዝህ ነው። ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅህ፣ ጋዜጣው ስለ ዝምታህ ጥልቀት አንድ ዓምድ ሙሉ ሲጽፍልህ፣ እኔ ተረከዝህን አያለሁ። መሬት ከረገጠ እየተጫወትክ ነው። ከተነሣ ጠፍቶብሃል። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ተረከዝህ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ለጋዜጠኞቹ አልነገርኳቸውም፤ አሁንም አልነግርም። ልጅህ ግን ብትስቅብህ አይከፋኝም።

ከዚያ ስትሮኩ መጣ። እግርህን ተወልህ፣ እጅህን ተወልህ፣ ቃላቱን ብቻ አተራመሳቸው። አንዳቸውም አልጠፉም፤ ቤት ሲቀየር እንደሚሆነው፣ የትኛው ዕቃ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደገባ ነው የጠፋው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ምን እንዳለችኝ ታስታውሳለህ? አጠገቤ ነበርክ።

«ጊዜ ይስጡት። ቃሉን ራሱ ይፈልገው። ቢዘገይም ይጠብቁት» አለች።

«እሺ» አልኩና ራሴን ነቀነቅኩ። በልቤ ግን «ይቺ ልጅ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው» እያልኩ ነበር። የጠፋ ቃል ማቀበልን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ከየት ሊመጣ?

ምሳ ላይ «እስቲ... ያንን...» ትላለህ።

«ጨው!» እላለሁ።

ትወስዳለህ፤ ጨዋ ሰው ስለሆንክ ትነሰንሳለህ። በማግስቱ እንደገና «እስቲ... ያንን...»። እንደገና «ጨው!»። ሾርባው ባሕር እስኪሆን ድረስ። ለካ «መስኮቱን ዝጋው» ልትለኝ ነበር። ብርድ እየመታህ ጨው በላህ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እኔ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት እሪ የምል ጎረቤት ሆንኩብህ።

ያቺ እሑድ ደግሞ አለች። ልጅህ ከባሏ ጋር ልትጠይቅህ መጥታ፣ አራታችን ማዕድ ቀርበን፣ አንተ ድንገት ፊትህ በራ።

«አባዬ... ብስክሌት...» አልክ።

ከታመምክ ወዲህ ታሪክ ስትጀምር የመጀመሪያህ ነበር። የማውቀው ታሪክ ስለሆነም ደስ አለኝ። ድርሰቱ ጭኔ ላይ አለ ማለት ነው።

«ገዛ» አልኩ። «መንዳት ሳይችል» አልኩ። «እየገፋው ሥራ ይሄድ ነበር» አልኩ።

«እማዬ...» አልክ አንተ።

«እማዬ ሳትሆን አባዬ» ብዬ አረምኩህ።

«እማዬ... በ... በጠዋት...»

«አዎ፣ ጠዋት ሥራ ሲሄድ ሰፈርተኛው ያሾፍበት ነበር» አልኩና መጨረሻውን ራሴ ደመደምኩት። «'ልሄድበት አይደለም የገዛሁት፣ አብሮኝ እንዲሄድ ነው' ይላቸው ነበር!»

ልጅህና ባሏ ሳቁ። ወደ እኔ እያዩ ነበር የሳቁት።

ማንኪያህን አስቀመጥክ። ወረወረው የሚሉ አሉ፤ አልወረወርከውም፣ አስቀመጥከው። ከዚያ ተነሥተህ ከታመምክ ወዲህ የተናገርከውን ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ተናገርክ።

«ይሄ... አፍ... የኔ ነው።»

በሳምንቱ ከልጅህ ጋር ሄድክ። ሻንጣህን የሸከፍኩልህ እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆመህ የመሰናበቻ ቃል ልትናገር አፍህን ስትከፍት «ደህና ሁን» ብዬ አቀበልኩህ።

ተቀየምኩህ፤ ምን ልደብቅህ። መልካም አድርጌ የተሰደብኩ መስሎኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን አውቃለሁ። የሰው አፍ ላይ ያደረሱት ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን የነገረኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ቴአትር ቤቱ ልመልስህ። ተመልካቹ ሲሳሳ ሥራ አስኪያጁ አዲስ ተውኔት አዘጋጅ ቀጠረ። ወጣት ሴት ናት፣ ጸጉሯን አጭር ተቆርጣለች፣ እሷን የሚያህል ቦርሳ አንግታ ትመጣለች። ቦርሳው ውስጥ ያለው ድርሰት መስሎኝ ነበር። ሹራብ ነው። ተዋንያኑ ሳምንት ሳይሞላት «ባዶ ወረቀት» የሚል ስም አወጡላት።

«ድርሰቱ መቼ ይደርሰኛል?» አልኳት።

«ድርሰት የለም።»

«ገና አልተተየበም?»

«አይተየብም። ተመልካቹ ቦታና ሰው ይሰጠናል፣ ቀሪውን እዚያው መድረክ ላይ እንፈጥረዋለን።»

«ቃላቸው ቢጠፋባቸውስ?»

«የቱ ቃላቸው?» አለች።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

«እና እኔ ምን ልሥራ?»

ጎንበስ ብላ ጉድጓዴን አየችው። ትራሴን አየች፣ ትንሿን አምፖል አየች፣ በእርሳስ ጫፍ የተወጋጋውን ግድግዳ አየች። «እዚህ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ ነው የተቀመጡት?»

«ጸጉር ከነበረኝ ጊዜ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ይውጡ» አለች። «ይበርድዎታል።»

ልምምዱ ላይ ከምታውቃቸው ሁለቱ አሉ። አንዷ በስንት ተውኔት ሚስትህ ሆና የኖረችው፣ በአንዱም መርዝ ያጠጣችህ እትዬ ናት። ሌላው አስቂኝ አስቂኙን የሚጫወተው ቀጭኑ ነው፤ ጎኑን ካዞረ የሚጠፋው። ከጉድጓድ ስወጣ ሲያየኝ «ጋሽ ምድር ቤት! ፎቅ ወጣህ?» ብሎ ተቀበለኝ። ስሙ በዚያው ጸናብኝ።

ጨዋታው ሲነገር ቀላል ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። አንዱ የመጣለትን ይናገራል። ሌላው የተባለውን ሳይክድ ይቀበላል፣ ከራሱም ይጨምርበታል። ይኸው ነው። «ይህን እኮ ሁላችሁም ቤታችሁ ታደርጉታላችሁ» ትላለች ባዶ ወረቀት። «ሽንኩርት ስላለቀ ምሳ ቀርቶ ያውቃል?» እውነቷን ነው። አንተ ራስህ እንኳ የሸሚዝህ ቁልፍ መድረክ ላይ ተበጥሶ ሲወድቅ ደህና አድርገህ የንጉሡ ሐዘን አካል አድርገኸው ነበር። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የቀኑን ድርሰት በእጁ የሚሰጠው የለም። ሆኖም ጎረቤቱን ሰላም ይላል፣ ታክሲ ውስጥ ይከራከራል፣ አለቃውን ያባብላል፣ ማታ ተመልሶ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲባል «ምንም» ይላል።

እኔ ግን አልቻልኩም። ተራዬ ደረሰና ቀጭኑ ፊቴ ቆሞ «ጌታዬ፣ ውሻዎ መነጽሬን በላው» አለኝ።

«ወዮ ለዚህ ዙፋን፣ በእንባ ለታጠበ!» አልኩት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ እኮ የሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ነው!» አለ ቀጭኑ። «ጋሽ ምድር ቤት፣ ውሻው የት ገባ?»

እትዬ ከጥግ ሆና ሹራቧን እየጠቀለለች «የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ምን ላድርግ? ጭንቅላቴ ውስጥ የሰው ቃል ነው የተደረደረው፤ የንጉሥ፣ የሌባ፣ የሙሽራ፣ የገዳይ። የራሴ የሆነ ቃል ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት «ጤና ይስጥልኝ» ብቻ ነው። እሱንም ሌሎች ይጠቀሙበታል።

ባዶ ወረቀት የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በየቀኑ አንድ ነገር፣ መጨረሻውን ሳላውቅ እንድጀምር። በማላውቀው መንገድ ወደ ሥራ ሄድኩ፤ ዘገየሁ። ምን እንደምገዛ ሳልወስን አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ።

«ምን ልስጥዎት?» አለ ባለሱቁ።

«ገና አላወቅኩም።»

«ምን ሊሠሩበት ነው?»

«እሱንም አልወሰንኩም።»

ባለሱቁ የገንዘብ መሳቢያውን ቀስ ብሎ ቆለፈ። «አባቴ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ቤቱ የተሰበረ ነገር አለው። የእርስዎ ቤት ምን ተሰበረ?»

አንድ የበር ማጠፊያ ገዛሁ። በር የሌለው ማጠፊያ አሁን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ስከፍተው ይከፈታል፣ ስዘጋው ይዘጋል።

የባሰው ግን ይህ አልነበረም። የባሰው ሌሎቹ ሲጫወቱ ነው። አንዳቸው ለአፍታ ዝም ካሉ እኔ ከዳር ሆኜ ቃል ሹክ እላለሁ። ያልተጻፈ ቃል! እነሱ ራሳቸው ገና ያላሰቡትን!

ቀጭኑ አንድ ቀን መሀል ላይ ቆመና ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄን ልል ነበር እንዴ?»

«አዎ» አልኩት።

«ከየት አወቅክ?»

«ልማድ ነው።»

«ነግረኸኝ እኮ አሁን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ» አለ። ሲቀልድ ፊቱን አውቀዋለሁ። እየቀለደ አልነበረም።

ባዶ ወረቀት አልተቆጣችም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። «አፍዎ ውስጥ ይያዙት። አይዋጡት። ትዕይንቱ ሲያልቅ ይተፉታል» አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን ዋጥኩት። በሁለተኛው ቀን ቀጭኑ ላይ ተፋሁት። ሆን ብዬ አይደለም፤ እንደዚያ ነው ያልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ተነሣች። የተሰጣት ሰው ልጆቿ አድገው የወጡላት እናት ናት። የእሷም የእውነት ልጆች አድገው እንደወጡ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ማንም ሳይቀመጥ ቆሞ አያት።

«ልጆቹ ሄዱ» አለች። «ቤቱ...»

ቆመች። ቃሉ ጠፋባት። እኔ ዘንድ ግን ነበር፣ አፌ ውስጥ፣ ከውሃው ጋር፦ «ጭር አለ»። ደንበኛ ቃል ነው። ሰው ሁሉ የሚለው፣ ያለ ነቀፋ የሚያገለግል። ጉንጬ ተነፍቶ ይዤው ቆምኩ። እትዬ ወለሉን አየች፣ በሩን አየች፣ እንደገና ወለሉን። ጉንጬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ቤቱ... ባዶ እግሩን ነው» አለች።

በበሯ አጠገብ ይደረደሩ የነበሩት የልጆች ጫማዎች ሁሉ ታዩኝ፤ በጫማ ጉዳይ ደግሞ አልታማም። ውሃውን ዋጥኩት። እኔ «ጭር አለ» ብዬ አቀብያት ቢሆን አመስግና ትወስደው ነበር። በጊዜ ጨርሰን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። ምን እንደቀረብንም አናውቅም ነበር።

እዚያው ቆሜ አንተን አሰብኩህ። «ጨው» ያልኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ እያነሣሁ ምን ይኖርባቸው እንደነበር ጠየቅኩ። «እማዬ... በጠዋት...»። አንተ ታላቄ ነህ። እኔ ሳልወለድ ወይም ሳልነቃ ያየሃቸው ጠዋቶች አሉ። እኛ ቤት ሲነገር የኖረው የአባዬ ብስክሌት ታሪክ ነው። አንተ ያን ቀን ሌላ ታሪክ ይዘህ እየመጣህ ነበር መሰለኝ። እኔ በር ላይ ይዤህ «ያንተ ይሄኛው ነው» ብዬ አሮጌውን አሸከምኩህ። እማዬ በዚያ ብስክሌት ምን እንዳደረገች አላውቅም። መገመት ጀምሬ ነበርና ተውኩት፤ መገመትም ያው ማቀበል ነው።

ትርኢቱ የቀረበው እሑድ ከሰዓት ነው። አዳራሹ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ድረስ ባዶ ነበር ይላል። ባዶ ወረቀት ተመልካቹን «የት እንሁን?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ አንዲት ሴት «ጸጉር ቤት!» አለች። ቀጭኑ ቀድሞ ዘሎ ጸጉር ቆራጭ ሆነ። ባዶ ወረቀት ትከሻዬን ነካች። «እርስዎ ደንበኛው ነዎት።»

«ውሃውስ?» አልኳት።

«ዛሬ ውሃ የለም።»

መድረኩ ላይ ያለው አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ሄጄ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ቀጭኑ በሁለት ጣቱ መቀስ ሠርቶ በጆሮዬ ዙሪያ ቀጨጭ ቀጨጭ አደረገና «ምን ላድርግልህ?» አለ።

ጉድጓዱን አየሁት። ሳንቃ ተመትቶበታል። ሰው ይኖራል ብዬ አይደለም፣ ዓይኔ ለምዶ ነው። ከስንት ተውኔት ስንት መልስ መጥቶ ተሰለፈ፤ ሁሉም የሰው ነው። ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ታች ሳይ ተረከዜ ተነሥቷል። ራሴ አየሁት።

ቀጭኑ ቃል አላቀበለኝም። እግዜር ይስጠው፣ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ጠበቀኝ።

«ወንድሜን አስመስለኝ» አልኩት።

ከየት እንደመጣ አላውቅም። በኋላ የማውቃቸውን ድርሰቶች ሁሉ ባስታውስ አንዳቸውም ውስጥ አላገኘሁትም።

«ይቻላል» አለ ቀጭኑ። «ወንድምህ ምን ይመስላል?»

«እንጃ። ከታች ነው የማውቀው።»

ሰው ሳቀ። ላስቅ ብዬ አልነበረም።

«ከታች ስትል?»

«ጫማውን።»

ቀጭኑ አሰበ። መቀሱን አጥፎ ኪሱ ከተተውና ፊቴ ተንበረከከ። «እንግዲያው ከጫማ እንጀምራለን። ወደ ላይ የምንደርሰው ከቀናን ነው።» የግራ ጫማዬን ክር ይፈታ ጀመር። «ምን ዓይነት ነው?»

«ቡናማ ነው። ግራው ተረከዝ አልቋል።»

«ምን አስጨረሰው?»

«ብዙ ስለሚነሣ።»

«እሺ። ከጉልበት በላይስ?»

«እዚያ ድረስ አላየሁም።»

«ወንድምህ አይደል እንዴ?»

«ነው። ግን ሥራ ላይ ነበርኩ።»

አሁን የሳቀ የለም። ቀጭኑ ክሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። እኔን እንጂ ደንበኛውን እያየ አልነበረም።

«ምኑን ብናስመስል ደስ ይልሃል ታዲያ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ፊቱን» አልኩ። «ሲያስብ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ጭብጨባ እንደነበረ ነገሩኝ። እኔ ያስታወስኩት የጫማዬ ክር እንዳልታሰረ ነው፤ ስወጣ ረግጬው መጋረጃው ላይ ወደቅኩ። ያም የተዘጋጀ መስሏቸው አጨበጨቡ።

እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ያዘችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«ላንቺ ቃል አቀብል ነበራ።»

«ባታቀብለኝ ኖሮ ደህና ነገር እናገር ነበር» አለች። ማመስገኗ ይሁን መስደቧ አልለየሁትም። ሁለቱንም ተቀበልኩ፤ የጨዋታው ሕግ ነው።

ቤቴ ገብቼ ደወልኩልህ። ቀጥሎ ያለውን ታውቀዋለህ። በእኔ በኩል የነበረውን ግን አላየህምና ልንገርህ።

ልጅህ አቀበለችህ። ትንፋሽህ መጣ። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዣለሁ። አንድ ነገር ልትል ጀመርክና ቆምክ። ያ ሲከነክነኝ የከረመው ጥያቄ አሁንም ልቤ ላይ ስለነበር፣ የምትለው ከሁለት አንዱ መሰለኝ፦ «ና» ወይም «አትምጣ»። ሁለቱም ምላሴ ላይ ተዘጋጅተው ነበር። አንዱን ባቀብልህ የትኛውንም ትወስደው ነበር፤ አውቅሃለሁ፣ ጨዋ ነህ። ጥርሴን ነከስኩ። ጎረቤት ባልዲ ሲያስሞላ ሰማሁ፤ ሞላ፣ ቧንቧው ተዘጋ። ከጀርባህ ልጅህ «ተቋረጠ እንዴ፣ አባዬ?» ስትል ሰማሁ። አልተቋረጠም ነበር።

«ወንበር... አለ» አልክ።

«ና» አይደለም። «አትምጣ»ም አይደለም። እኔ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ ባስብ እዚያ ቃል ላይ አልደርስም ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ አላልክም፣ ተቀይሜሃለሁም አላልክም። አንድ ወንበር አሳየኸኝ። ሕጉ ተቀበልና ጨምር ነው። እኔ «እሺ» ብዬ ተቀበልኩ፤ መጨመሩን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ይህ ደብዳቤ እንዲቀድመኝ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። እንዲህ የረዘመውም ለዚህ ነው፤ የምናገረውን ሁሉ እዚህ አራግፌ፣ አፌን ባዶ አድርጌ ልምጣ ብዬ። ልጅህ ዝም ስንል ተጣልተው ነው ብላ እንዳትሠጋ ንገራት። ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አልተጻፈም።

ታናሽ ወንድምህ